አሥራ አራተኛው ማጣቀሻ

«ማጣቀሻውን ካሚል ይጨርሰዋል። ነጥብና ኮማ መደርደር ነው፣ ጭንቅላት አይፈልግም።»

ኢፍቲን ይህን ያለችው ለታላቅ እህቷ ለማርያን ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በሶማልኛ። ባሏ ካሚል ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። ኢፍቲን ከእህቷ ጋር በሶማልኛ ስታወራ እሱ ቤት ውስጥ መኖሩን ትረሳለች። ሰባት ዓመት ሀርጌሳ የኖረ ሰው ክፍል ገብቶ ባያስተምርበትም በገዛ ቤቱ የሚባለውን የሚሰማበት ሶማልኛ አያጣም። ማርያን ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ካሚልን ያበገነውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን መጋረጃውን ገልጦ አንድ ነገር ይል ነበር። ሦስተኛውን ቁልፍ በአራተኛው ቀዳዳ አስገብቶ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ቆልፎ ወጣና ቁርስ ላይ ተቀመጠ። ዳቦና የተጠበሰ ጉበት፣ ሻይ በወተት። ማርያን የውሃ ቦቴ በዚህ ወር እንደገና መጨመሩን፣ የግመል ሥጋም መወደዱን አወራች። ካሚል «ሁሉም ጨምሯል» አለ።

ዓርብ ነው። ካሚል የሚሠራበት፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ያለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ዓርብ ይዘጋል፤ ስለዚህ ዓርቡ ለኢፍቲን ሥራ ሆነ። ኢፍቲን በአንድ የግል ኮሌጅ የሕብረተሰብ ጤና ታስተምራለች። ከክፍል ኃላፊዋ ከዶክተር ዳሂር ጋር የጻፈችው ጥናት አንድ የውጭ አገር መጽሔት ዘንድ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አሁን ለመታተም ጥቂት ቀርቶታል። አርታኢው በላከው ደብዳቤ ስለ ሐሳቡ ምንም ቅሬታ የለውም፤ የሚለው ስለ ማጣቀሻዎቹ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የደራሲ ስምና ዓመት በቅንፍ የተጻፈበት ቦታ ሁሉ ወደ ቁጥር ይቀየር፣ ቁጥሩም ጽሑፉ ውስጥ በመጣበት ተራ ይሁን፣ የመጽሔቶቹ ስም በአጭሩ ይጻፍ፣ የጎደለው የገጽ ቁጥር ይሟላ። ሃምሳ ስምንት ማጣቀሻ ነው። የመጨረሻው ቀን ዛሬ፣ ሰዓቱም ከቀኑ አሥራ አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጽሔቱ ድረ ገጽ ይዘጋል፣ ጽሑፉም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ይጀምራል ማለት ነው። ካሚል በሱቁ ይህንኑ ሥራ ለተማሪዎች በአምስት ዶላር ይሠራል፤ ከሱ የተሻለ የሚሠራ ሰው በከተማው እንደሌለ ኢፍቲን ራሷ ትናገራለች። የምትናገርበት ድምፅ ግን ጥሩ ጫማ ሰፊ አገኘሁ እንደሚል ሰው ድምፅ ነው።

ኢፍቲን ራሷ አየር ማረፊያ መሄድ ነበረባት። መጽሔቱ የሁለቱም ደራሲዎች የእጅ ፊርማ ያለበት ቅጽ ይፈልጋል፤ ዳሂር ደግሞ በአራት ሰዓቱ አውሮፕላን ለስብሰባ አዲስ አበባ ይበራል። ስትለባብስ ካሚል ኮምፒውተሩን የሚከፍት መስሎ አያት። ለዒድ የገዛችውን ሰማያዊ ዓባያ ለበሰች። ሻሿን ሁለት ጊዜ አሰረችው፣ አንዴ ፈትታ። ሽቶ ተቀባች፤ ብዙም አይደል፣ ግን ሰው ወረቀት ለማስፈረም ስንት ጠብታ ሽቶ ያስፈልገዋል?

«በታክሲ ነው የምትሄጂው?» አላት።

«በሚኒባስ ብሄድ አልደርስም። ካሚል፣ አደራህን፣ የገጽ ቁጥሮቹን እንዳትረሳ።»

«መቼ ረስቼ አውቃለሁ?»

«አትቆጣ እንግዲህ» ብላ ጉንጩን በእጇ ነካ አድርጋው ወጣች። ማርያንም አብራት ወጣች።

ቤታቸው ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር፣ ግቢው ውስጥ አራት ተከራይ ያለበት፣ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ካሚል በሚሠራበት ክፍል ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው፤ በመስኮቱ የጎረቤት የውሃ ጋንና አንዲት ጠቃጠቆ ፍየል ይታያሉ። ሥራውን ከአንድ ቁጥር ጀመረ። ስም፣ ነጥብ፣ የጽሑፉ ርዕስ፣ ነጥብ፣ ያጠረው የመጽሔት ስም፣ ዓመት፣ ቅጽ፣ ገጽ። እጁ ለምዶታል፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ ሳያስብ ሄደ። ሰባተኛው ላይ «ዳሂር» የሚል ስም መጣ። ዘጠነኛው ላይ እንደገና መጣ። ከዚያ ወዲያ ካሚል ማጣቀሻ መሥራቱን ትቶ ዳሂርን ይፈልግ ጀመር። በሃምሳ ስምንቱ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ አገኘው። አንድ የክፍል ኃላፊ ይህን ያህል ጻፈ ማለት ማሻአላህ ነው፤ ግን ስለ ኩፍኝ ክትባት የጻፈው ስለ ውሃ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ምን ይሠራል? ማን ነው ያስገባው? እሱ አስገቡልኝ አለ ወይስ እሷ በገዛ ፈቃዷ አስገባች? ካሚል ሚስቱ እነዚያን አሥራ አንድ ቦታዎች ስትጽፍ ታየችው፤ ስሙን አሥራ አንድ ጊዜ በጣቶቿ ስትነካ። ይህን ማሰቡ ራሱን አሳፈረው። «አስተግፊሩላህ» ብሎ ተነስቶ ውሃ ጠጣ፣ ተመልሶም አሥራ አንዱን እንደገና ቆጠረ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ኢፍቲን ነበረች፣ በመልእክት። «አውሮፕላኑ ዘግይቷል። ዶክተር ፈርሟል፤ ብቻውን እንዳይቆይ አብሬው እየጠበቅኩ ነው።» ካሚል «እሺ» ብሎ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ «ሻይ ጋብዢው» ብሎ ጻፈና ሳይልክ ሰረዘው።

ቁጥሮቹን ወደ ጽሑፉ ውስጥ ሲያስገባ ግን ዓረፍተ ነገሮቹን ማንበብ ግድ ሆነበት፤ የትኛው ማጣቀሻ የቱ ጋ እንደሚውል ካልታወቀ ተራው ይዛባል። እስካሁን የሚስቱን ጥናት አንብቦት አያውቅም ነበር። እሷ አልከለከለችውም፤ እሱ ነው እያየ የሚያልፈው፤ ለምን እንደሆነ ያውቃል። ጥናቱ በከተማው ዳርቻ ውሃ በአህያ ጋሪ እየገዙ የሚጠጡ ቤተሰቦችን ይመለከታል። ዋና ግኝቱ እንዲህ ይላል፤ በርሜሉ ቢከደንም ባይከደንም ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ልዩነት የመጠጫው ኩባያ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኩባያው መሬት ላይ በሚቀመጥበት ቤት የሕፃናት ተቅማጥ እጥፍ ነው። መረጃው እንዴት ተሰበሰበ? «መረጃ ሰብሳቢዎቹ ስለ ኩባያው አልጠየቁም፤ የሚጠጣ ውሃ ለምነው ኩባያው ከየት እንደሚመጣ አዩ (14)።»

ካሚል እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

ያቺ ዘዴ የእሱ ናት። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያውን ሲሠራ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺ አሥራ አራት፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ውስጥ ቤት ለቤት ሲዞር ያገኛት ነው። ሰዎች ሲጠየቁ ሁሉም «ኩባያችን ንጹሕ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን በሙቀቱ ራሱ ደክሞት አንዲት ሴትዮን ውሃ አጠጡኝ አላቸው፤ ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ኩባያውን ከበርሜሉ ሥር፣ ከአፈሩ ላይ አነሱት። ካሚል ውሃውን ጠጣና ውጭ ቆሞ ሳቀ። በዚያው ሌሊት መጠይቁን አስተካከለ፤ ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ «አትጠይቁ፤ ውሃ ለምኑና እዩ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ለአራት መረጃ ሰብሳቢዎች ሲያስረዳ አንዷ፣ ከጀርባ ቦርሳዋ ውሃ የማይጠፋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ «ባይጠማንስ?» ብላ አሳቀቻቸው። ያቺ ኢፍቲን ነበረች።

አሥራ አራተኛውን ማጣቀሻ ወርዶ አየው። ዳሂር፣ ሁለት ሺ አሥራ ዘጠኝ።

የጁምዓ አዛን ሲሰማ ካሚል ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ወጣ። ሰላት ላይ ቆመ፤ ኢማሙ የሚሉትን ግን አልሰማም። ሲወጣ ጫማ ማውለቂያው ጋ ታጁን አገኘው። ታጁ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ መሐመድ ሞጌ ከካሚል ሱቅ አጠገብ ልብስ ይሰፋል፣ ካሚል አማርኛ እንደ ልቡ የሚያወራው ከሱ ጋር ነው። በግድግዳው ጥላ እየሄዱ ታጁ ስለ መብራት መጥፋት፣ የክር ዋጋ በአንድ ሺህ ሽልንግ ስለ መጨመሩ አወራ። ካሚል አላስችል ብሎት ሁሉንም ዘረገፈለት፤ አሥራ አንዱን ዳሂር፣ ሽቶውን፣ አየር ማረፊያውን፣ ኩባያዋን። ታጁ እስኪጨርስ ሰማውና ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ግን አትቆጣ። የምትቀናው በሴቷ ነው ወይስ በወረቀቱ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሰውዬው ሚስትህን ቢመኝ ሌላ ነገር ነው። አንተ ግን ከነገርከኝ ውስጥ ግማሹ ስለ ኩባያ ነው።»

ካሚል «አንተ አይገባህም» ብሎት ተለየው። መንገዱን ሙሉ ግን ጥያቄው አብሮት ሄደ። ኢፍቲን ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ የሚያመው ሰማያዊው ዓባያ ነው ወይስ ቦርሳው ውስጥ ያለው የመምህር መታወቂያ? ሀርጌሳ እንግባ ያለችው እሷ ነበረች፤ አገሬ ነው፣ ሥራ አለ ብላ። ሥራውም ነበር፤ ለሷ። የሱ ዲግሪ ያንኑ ያህል፣ ከሷም በላይ ነበር። ግን ማስተማሪያ ሶማልኛ አልነበረውም፣ የሚያውቀው ሰውም አልነበረውም። ለአንድ ወር ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። አንድ ጊዜም ቢሆን ክፉ አልተናገረችውም። አንድ ጊዜም ቢሆን ግን «ያ ጥናትህ» ብላ አንስታለት አታውቅም።

ቤት ገብቶ የዳሂርን ጽሑፍ ከኢንተርኔት አወረደ። የገጽ ቁጥሩን ማሟላት ሥራው ስለሆነ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። አነበበው። ጥያቄ ሃያ ሦስት ሳትነቀነቅ፣ ሳይቀነስ ሳይጨመር እዚያው ናት፤ «አትጠይቁ» የምትለዋ ቃል ሳትቀር ወደ እንግሊዝኛ ተገልብጣለች። ካሚል ዳሂርን ሌባ ብሎ ለመጥራት አፉን ሊከፍት ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን፣ ምስጋና ከሚለው ርዕስ ሥር፣ ሁለት መስመር አለ። «መጠይቁን አዘጋጅታ ላበረከተችልን ለኢፍቲን ምስጋናችን ይድረሳት።»

ያንን ቀን ያስታውሰዋል። ኢፍቲን ከኮሌጅ በደስታ እየሮጠች መጥታ «ስሜ ታተመ» ብላው ነበር፤ የፍየል ጥብስ ያበላት እሱ ነው። ለምን እንደታተመ አልጠየቃትም፤ ያኔም ቅናቱ አላስጠየቀውም። አሁን ዳሂርን ይጠላበት የነበረው ጥላቻ የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ተንሳፈፈ። አየር ማረፊያ አብራው ሻይ ጠጥታ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያመውም ነበር።

ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። አሥራ አራት ቁጥር ላይ የገዛ ስሙን ጻፈ። ስም፣ ነጥብ፣ ርዕስ፣ ነጥብ፣ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ዓመቱ። አንድ ማጣቀሻ መሐል ሲገባ ከሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ይወርዳል፤ የዳሂር አሥራ አራት አሥራ አምስት ይሆናል፣ አሥራ አምስት አሥራ ስድስት፣ እስከ ሃምሳ ዘጠኝ። ጽሑፉ ውስጥ ያሉትንም አንድ በአንድ በእጁ ቀየራቸው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። በሕይወቱ ከሠራው የማጣቀሻ ሥራ ሁሉ ይህን ያህል ተጠንቅቆ የሠራው የለም።

ኢፍቲን ስምንት ሰዓት አልፎ መጣች፤ ሩዝና ሥጋ በፌስታል፣ የተፈረመውን ቅጽ በፕላስቲክ አቃፊ ይዛ። አውሮፕላኑ አምስት ሰዓት ላይ መነሳቱን፣ እሷም ማርያን ቤት ጎራ ማለቷን እየነገረችው ሻሿን ፈታች። «ጨረስክ? ወላሂ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ዝርዝሩን ወደ ታች ማንሸራተት ጀመረች። ካሚል ከኋላዋ ቆመ። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ስትቆም አየ። ፊቷን አላዞረችም። ውጭ ፍየሏ ጮኸች።

«አውጣው» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ።

«ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። ካሚል፣ ይሄ ከገባ ዳሂር የሱን የአሥራ ዘጠኙን ጽሑፍ ምን ይለዋል? መጠይቁ የኔ ነው ብዬው ነው እኮ የተቀጠርኩት።»

«አውቃለሁ። ዛሬ አነበብኩት።»

አሁን ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር፤ አላለቀሰችም። «ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ታውቂያለሽ አለኝ። ያኔ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። የማውቀው ያንተን ነው። አፌ ላይ የመጣልኝ ያንተ ነው። በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ፤ በኋላ እነግርሃለሁ አልኩ፤ አንተ ደግሞ ምንም አትጠይቅም። ስሜ ታተመ ስልህ ጥብስ አበላኸኝ። ለምን ብትለኝ ያን ቀን እነግርህ ነበር።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ሆነ?»

«አላልኩም።» እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ሥራዬን ባጣ ምን እንበላለን? እሱን አስበኸዋል?»

ካሚል አላሰበውም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲያስብ የዋለው ራሱን ብቻ ነው። ይህን ማወቁ ግን ስሙን ከዚያ ለማውጣት አላስቻለውም። «እኔ አላወጣውም» አላት። «አንቺ ከፈለግሽ አውጪው። ቁጥሮቹን ግን ከአሥራ አራት ጀምሮ እንደገና መለወጥ አለብሽ።»

ኢፍቲን ጠቋሚውን መስመሩ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰዓቱ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ካሚል ስትሰርዘው ለማየት ዝግጁ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን አላወቀም፣ ብቻ ይቺን ቤት ከዚያ በኋላ እንደ በፊቱ እንደማያያት ታውቆታል። እሷ ግን ጠቋሚውን ትታ ስልኳን አነሳች። ዳሂር አዲስ አበባ ገብቷል። በሶማልኛ፣ ያለ መግቢያ፣ እንደ ተማሪ ቆማ ነገረችው። መጠይቁ የባሌ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው፣ ያኔ ዋሽቼሃለሁ፣ አሁን በማጣቀሻው ገብቷል፣ አንተ ሳታውቀው አልልከውም። ከዚያ ዝም አለች፣ ሰማች። ካሚል ከወዲያ የሚመጣውን አልሰማም፤ ያየው የሚስቱን አንገት ነው፤ ቀስ እያለ ሲቀላ። «አዎ ዶክተር» አለች። «አዎ፣ የድሮው ጽሑፍም እርማት ያስፈልገዋል። አዎ። ሰኞ ዕለት ቢሮህ እመጣለሁ።» ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ወደ ካሚል ዘረጋችው። «ይላክ ብሏል። አንተን ይፈልግሃል።»

ካሚል ለጠብ ተዘጋጅቶ ተቀበላት።

«አሰላሙ ዓለይኩም ካሚል» አለ ዳሂር፣ ጥርት ባለ አማርኛ፤ ሕክምና የተማረው አዲስ አበባ ነው። «እኔና ሚስትህ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ሰኞ እንጨርሳለን። አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺን ውሃ አጠጡኝ የምትለዋን ዘዴ እንዴት አሰብካት? ስድስት ዓመት ሙሉ ኢፍቲንን እጠይቃታለሁ፤ ሁልጊዜ ወሬ ትቀይርብኛለች።»

ካሚል ይህን ጥያቄ ለመስማት አሥር ዓመት ጠብቋል፤ ጠባቂ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ አላወቀም። መምህሩ አልጠየቀው፣ የሀርጌሳ ቀጣሪዎች አልጠየቁት፣ ሚስቱ አልጠየቀችው። ጀመረ፤ ስለ ገንደ ቆሬ ሙቀት፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ውጭ ቆሞ ስለሳቀው ሳቅ። ዳሂር ከወዲያ «ከዚያስ?» ይለዋል። «ሰዎቹ ሲጠረጥሩስ?» ይለዋል። ቆሞ ይናገር የነበረው ካሚል ክፍሉ ውስጥ መመላለስ ጀመረ፣ በነጻ እጁ አየር ላይ በርሜል ሣለ።

ኢፍቲን ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን የፊርማውን ቅጽ ፎቶ አነሳች፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ጫነች፣ ላክ የሚለውን ተጫነች። ተልኳል የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱ እየሳቀ ነበር፤ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗታል። ከሷ አለቃ ጋር፣ በሷ ስልክ፣ እሷ ገብታ በማታውቅበት ወሬ ውስጥ። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር ካሚል ወዲያው አወቀው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ይዞት የዋለውን ነገር እንዴት አያውቀው? ስልኩን ዘግቶ አጠገቧ መቀመጥ እንደነበረበት ታውቆታል።

ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ቆይ» አለው ለዳሂር፣ «ሃያ አራተኛዋን ደግሞ ልንገርህ።»